ከመርከብ ወርዶ ሮምን በአንድ ቀን ማየት፦ ከቺቪታቬኪያ ወደብ በባቡር ደርሶ መመለስ

በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ለሳምንትና ከዚያም በላይ የሚዞሩ የሽርሽር መርከቦች ፕሮግራማቸው ላይ «ሮም» ብለው ይጻፉ እንጂ ሮም ትልልቅ መርከብ የሚያስጠጋ ወደብ የላትም። መርከቡ የሚቆመው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ቺቪታቬኪያ ነው። አብዛኛው መርከብ ማለዳ 7፡00 አካባቢ ደርሶ ምሽት 18፡00 ወይም 19፡00 ላይ ይነሳል። ከዚህ ውስጥ አራት ሰዓት ያህሉን መንገዱ፣ የቀረውን ደግሞ ከመርከቡ መውረድና ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ መግባት ስለሚበሉት ለከተማዋ የሚተርፈው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ስድስት ሰዓት ሮምን አያስጨርስም፤ ኮሎሲየምን ከውስጥ፣ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ ደግሞ ከውጭ አይቶ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ለመጓዝ ግን በደንብ ይበቃል።

መመሪያው የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ለኮሎሲየም በሚቀርበው በኦስቲዬንሴ ጣቢያ ገብቶ ለቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በሚቀርበው በሳን ፒዬትሮ ጣቢያ መውጣት። ሁለቱም የቺቪታቬኪያ ባቡር የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ናቸው። እንዲህ ሲሆን የሄዱበትን መንገድ መልሰው አይረግጡም። ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ተርሚኒ ይሄድና ለመመለስም እዚያው ድረስ ይደክማል፤ በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይባክናል።

እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በሙሉ በአውሮፓ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። የመርከቡ ወረቀትና የባቡር ጣቢያው ሰሌዳም የሚጽፉት እንደዚሁ ነው። 17፡30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 ነው። ከእናት ከአባት ጋር የሚጓዙ ከሆነ የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው፤ «አሥራ አንድ ተኩል» የሚለው ቃል በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለት ትርጉም ይይዛል።

ከቤት ሳይነሱ የሚያልቁ ጉዳዮች

ቪዛ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ጣሊያን ለመውረድ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ፣ የእንግሊዝ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ቪዛውን አይተኩም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሼንገን አገር የሚኖር ሰው ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይበቃዋል። መርከቡ መሃል ላይ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሞንቴኔግሮ ጎራ ብሎ ወደ ጣሊያን የሚመለስ ከሆነ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ያ ጉብኝት ከሼንገን መውጣት ሆኖ ይቆጠራልና። ይህ ሳይሟላ ሲቀር ችግሩ ሮም እስኪደረስ አይጠብቅም። የመርከቡ ሠራተኞች ገና መነሻው ወደብ ላይ ቪዛ አይተው ተጓዡን ሳያሳፍሩ ሊመልሱት ይችላሉ።

የኮሎሲየም መግቢያ የሚሸጠው በሰዓት ተወስኖ ነው፤ የሽያጩ መስኮት የሚከፈተውም ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ነው። የተለመደው ቲኬት 18 ዩሮ ሲሆን የጥንቱን የሮም አደባባይና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይከፍሉም ቲኬት ሊወጣላቸው ይገባል። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላቸው የአያት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ሲያስገቡ ፊደሉን ከፓስፖርቱ ላይ እያዩ ይሙሉ፤ በር ላይ ያመሳስላሉ። የመግቢያውን ሰዓት 11፡00 ወይም 11፡30 ይምረጡ። የ9፡30 ቲኬት ገዝቶ የመርከቡ መውረጃ በር በግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሰዓቱም ገንዘቡም ይሄዳል።

ሌላው የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ጣሊያኖች «ሾፔሮ» ይሉታል። የባቡርና የአውቶቡስ አድማ አስቀድሞ ይታወጃል፤ ብዙውን ጊዜም ዓርብ ላይ ይውላል። በሥራ ቀናት የአካባቢ ባቡሮች ከ6፡00 እስከ 9፡00 እና ከ18፡00 እስከ 21፡00 በአድማም ቢሆን የግድ የሚሠሩ አሉ። የጠዋቱ ያደርሳል፣ የማታው ግን ለመርከቡ አይደርስም። ቀኑ አድማ ከሆነ በመርከቡ አስጎብኚ አውቶቡስ ይሂዱ ወይም እዚያው ቺቪታቬኪያ ይዋሉ።

የመርከቡን ጉብኝት የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን አባከነ አይባልም። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉዞ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣውን ግን አይጠብቅም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወይም ሕፃን ለታቀፈ ቤተሰብ የሚሻለው እሱ ነው። ከታች ያለው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር የሚያስኬድ ሲሆን አብዛኛው ንጣፍ ወጣ ገባ የሆነ ጥቁር ኮብልስቶን ነው።

ቀኑን ከመጨረሻው ጀምሮ መቁጠር

መርከቡ የሚነሳበትና ተሳፋሪ መግባት ያለበት ሰዓት ይለያያሉ። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ከመርከቡ ሲወርዱ በሩ ላይ ተለጥፎ ያገኙታል፤ በስልክ ፎቶ ያንሱት። አንዳንድ መርከብ የራሱን ሰዓት ከየብሱ ጋር ስለማያስተካክል፣ ስልክዎ ደግሞ በራሱ ስለሚቀይር፣ ሁለቱ መመሳሰላቸውን ከመውረድዎ በፊት ያረጋግጡ።

መግቢያው 18፡00 ነው እንበል። ከቺቪታቬኪያ ጣቢያ እስከ መርከቡ 45 ደቂቃ ይያዙ። ባቡሩ ከሳን ፒዬትሮ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከ15፡15 እስከ 15፡30 ባለው ጊዜ የሚነሳውን ባቡር ከያዙ 17፡00 ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲል መርከብ ላይ ነዎት። ባቡሩ በሰዓት ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚመላለስ ያ ቢያመልጥ የሚቀጥለው ያደርስዎታል። የመጨረሻውን አማራጭ የመጀመሪያ ዕቅድ ማድረግ አይገባም፤ ሮም አካባቢ ባቡር ሃያ ደቂቃ መዘግየቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይዘው የሚወርዱት

የመርከቡ ካርድ፣ ያለ እሱ መመለስ የለም። ፓስፖርቱ እጅዎ ላይ ካለ ከልብስ በታች በሚታሰር ቦርሳ ይያዙት፤ መርከቡ ሰብስቦት ከሆነ ቅጂውንና ፎቶውን ይያዙ። ፓስፖርት ካቢን ውስጥ ይቅር የሚል ምክር በብዛት ይሰማል፣ ስለ ሌባ ከሆነም እውነት አለው። በቪዛ ለሚጓዝ ሰው ግን መርከቡ ጥሎት ቢሄድ ቪዛ ያለበት ፓስፖርት አብሮ መሄዱ ከሌባው የባሰ ችግር ነው።

ባዶ የውሃ ጠርሙስ (የመስታወት ያልሆነ)፣ የባንክ ካርድ፣ 40 ዩሮ ያህል ጥሬ ገንዘብ፣ ባርኔጣ። ለሴት ነጠላ ወይም ሻርፕ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፣ ለወንዶችም ቁምጣ አይፈቀድም። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ኮሎሲየም አያስገቡም። የሮምን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ስልክዎ ላይ ያውርዱ። ስልኩንም መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ በአውሮፕላን ሁኔታ ያቆዩት፤ የባሕር ላይ ኔትወርክ ሒሳብ ሳይታሰብ ይቆልላል።

ከመርከብ እስከ ባቡር

1. በወደቡ ውስጥ በእግር መሄድ በአብዛኛው አይፈቀድም። ከመርከቡ ሥር የሚነሳው ነፃ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደተባለው መግቢያ ያደርሳል።

2. ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው። በእግር ደግሞ 25 ደቂቃ ያህል ነው፦ ባሕሩን በቀኝ አድርገው በድሮው ምሽግ በኩል ዳርቻውን ተከትለው ይሂዱ። ሦስት መርከብ በአንድ ጠዋት በቆመ ቀን ከአውቶቡሱ ሰልፍ እግር ይፈጥናል። «ባቡር የለም፣ ሁሉም ሞልቷል» የሚል የታክሲ ደላላ ቢገጥምዎ አይስሙት። የአካባቢ ባቡር ቲኬት አያልቅም፤ እስከ ሮም ታክሲ ግን ከ100 ዩሮ በላይ ያስከፍላል።

3. ቲኬት፦ በአካባቢ ባቡር ለአንድ ጉዞ ለአንድ ሰው 5 ዩሮ አይሞላም። በጣቢያው ማሽን ፊት ረጅም ሰልፍ ስለሚኖር ማታውኑ በጣሊያን ባቡር ድርጅት በትሬኒታሊያ መተግበሪያ ይግዙት። ሙሉ ቀን ባቡሩን፣ ሜትሮውንና አውቶቡሱን የሚያስጠቅም «ቢርግ» የሚባል ቲኬትም አለ። በዚህ መንገድ ሜትሮ የሚያዘው አንዴ ብቻ ስለሆነ ግን ነጠላ ቲኬት ይረክሳል። ቢርግም ሆነ የአካባቢ ቲኬት በፈጣኖቹ «ኢንተርሲቲ» እና «ፍሬቻ» ባቡሮች ላይ አይሠራም።

4. የወረቀት ቲኬት ከሆነ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለው ትንሽ ማሽን ያስመቱት። በስልክ የተገዛ ከሆነ መተግበሪያው ላይ ጉዞውን መጀመርዎን የሚያረጋግጠውን ቁልፍ ይጫኑ። ይህን ያልሠራ ቲኬት የገዛም ቢሆን እንዳልከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም የቲኬቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። «አላወቅሁም» ማለት ተቆጣጣሪው በየቀኑ የሚሰማው ቃል ነው።

5. ባቡሩ ኦስቲዬንሴ መቆሙን ሰሌዳው ላይ አይተው ይሳፈሩ። ከሰሜን የመጣ ባቡር ከሆነ ሰው ሞልቶበት ይደርሳል፤ ወደ መድረኩ ጫፍ መሄድ ወንበር ያስገኛል። ኦስቲዬንሴ ከሳን ፒዬትሮና ከትራስቴቬሬ ቀጥሎ ነው፤ ከቺቪታቬኪያ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታ

ከኦስቲዬንሴ በምድር ውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ወደ ፒራሚዴ የሜትሮ ጣቢያ ይሻገሩ። የሜትሮው በር የባንክ ካርድ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ካርድ ያስፈልጋል። በመስመር ቢ ወደ ተርሚኒ አቅጣጫ ይሳፈሩና ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ሲደርስ ይውረዱ። (ፌርማታ የምንለው ቃል በየአውቶቡስ መቆሚያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል።) ኮሎሲየም በር ድረስ የሚያደርሰው ሜትሮ አንድ ፌርማታ ይቀረዋል፤ እዚህ መውረዱ ምክንያት አለው።

ከጣቢያው እንደወጡ የሚታየው ትልቁ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለፋሽስቱ መንግሥት የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። ፊት ለፊቱ ባለው በፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ 24 ሜትር ገደማ ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ ቆሞ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በቦታው ቆመ። ዛሬ አደባባዩ ላይ የመስከረም 11ን የኒውዮርክ ሟቾች የሚያስታውሱ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። ሐውልቱ እዚያ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካልነገራቸው ልጆች በቦታው ዝም ብለው ያልፋሉ። አሥር ደቂቃ ይስጡት።

ከአደባባዩ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የሚባለውን ዛፍ ያለበት ቀጥ ያለ መንገድ ይዘው ሲሄዱ በ15 ደቂቃ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ይደርሳሉ። ኮሎሲየም ከጎኑ ነው።

ኮሎሲየምና ከዚያ በኋላ

ከቲኬቱ ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመው ይሰለፉ፤ ፍተሻው እንደ አየር ማረፊያ ነው። ውስጡን በአንድ ሰዓት ከሩብ በደንብ ማየት ይቻላል፦ መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ያለው ትንሽ ሙዚየም፣ ከዚያ የላይኛው ዙር፣ በመጨረሻ የታችኛው። በ80 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ሕንፃ መሆኑን ይዘው ከላይ ወደ መሃል ሲመለከቱ አሁን ወለሉ ተነሥቶ የሚታዩት ግንቦች አውሬና ሰው ወደ ላይ የሚወጡበት የምድር ቤት መተላለፊያ እንደነበሩ ይገባዎታል።

ቲኬቱ የጥንቱን አደባባይ ቢጨምርም በዚህ ቀን አይግቡ። የሚታይ ነገር ጠፍቶበት አይደለም፤ በቂ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፣ ጥላም የለውም፣ ከዚያ በኋላ ቫቲካን ድረስ የሚያደርስ ጊዜና ጉልበት አይቀርም። ይልቅ በፎሪ ኢምፔሪያሊ ሰፊ መንገድ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ ሲሄዱ በሁለቱም ጎን ፍርስራሹ ይታያል። የተሻለ ዕይታ ለሚፈልግ ከፒያሳ ቬኔዚያ ጀርባ ወዳለው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ይውጣ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ካለው ሰገነት የጥንቱ አደባባይ በሙሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ በነፃ።

በኮሎሲየም ዙሪያ የጥንት ወታደር መስለው የለበሱ ሰዎች ፎቶ አብረው ከተነሡ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እጅ ላይ ክር የሚያስሩም አሉ። እጅዎን ሰብስበው ሳይቆሙ ማለፍ ይበቃል።

ከፒያሳ ቬኔዚያ ፓንቴዮን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው፤ ሰልፉ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ ይግቡ። ብረት ያልገባበት የኮንክሪት ጉልላቱ ወርዱ 43 ሜትር ሲሆን ከ1,900 ዓመት ገደማ በኋላም አናቱ ላይ ባለው ክፍት ቀዳዳ ፀሐይና ዝናብ እያስገባ ቆሟል። ትሬቪ ምንጭ ከዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ አሥር ደቂቃ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ከሕዝቡ ግፊያ ጋር ግማሽ ሰዓት ስለሚወስድ ከ13፡00 በኋላ ከሆነ ይለፉት።

ምሳ ቆመው የሚበሉት ይሁን። በየመንገዱ ፒዛ በትልቅ መጥበሻ ጋግረው በመቀስ እየቆረጡ በሚዛን የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ በእጅ መጠኑን ማሳየት በቂ ነው። ጾም ከሆነ «ማሪናራ» ወይም «ሮሳ» ይበሉ፤ ቲማቲም ያለበት ነው፣ አይብም ሥጋም የለውም። ማኪያቶ ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት በብዙ ይረክሳል፤ በታወቁ አደባባዮች ላይ ተቀምጦ ማዘዝ ዋጋውን ሊያባዛው ይችላል። ውሃ አይግዙ። ከተማው ሁሉ ናዞኒ የሚባሉ ያለማቋረጥ የሚፈሱ የብረት ቦኖዎች አሉት፤ ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ

ከፓንቴዮን በፒያሳ ናቮና አልፈው ወደ ወንዙ ይሂዱ፣ መላእክት በተደረደሩበት በሳንታንጄሎ ድልድይ ይሻገሩ፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ባዚሊካው ከፊትዎ ነው። 30 ደቂቃ ያህል ነው። አውቶቡስ ቁጥር 64 ወደዚሁ ቢሄድም ኪስ አውላቂ የሚበዛበት መስመር ነው።

አደባባዩ ላይ የደረሱት 14፡00 ገደማ ከሆነ ወደ ፍተሻው የሚወስደውን ሰልፍ ይመልከቱ። በዓምዶቹ ሥር ታጥፎ የአደባባዩን ግማሽ ከያዘ አይሰለፉ፤ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ያ ሰዓት የለዎትም። አጭር ከሆነ ይግቡ፤ ባዚሊካው በነፃ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ በሚያገኙበት ጊዜ ባዚሊካው እስከ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል። የቫቲካን ሙዚየም ግን ለብቻው ግማሽ ቀን ስለሚፈልግ ከኮሎሲየም ጋር በአንድ ቀን አይሆንም፤ እሱን የመረጠ ኮሎሲየምን ትቶ ጠዋቱን በሳን ፒዬትሮ ይውረድ። ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በግእዝ አዲስ ኪዳንን ሲያሳትሙ መኖሪያቸው እዚያ ነበር። ከአደባባዩ አይታይም፣ ዝም ብሎም አይገባም። ቢሆንም ጉልላቱን ፊት ለፊት ሲያዩ ከኋላው ያለውን ማወቅ ደስ ያሰኛል።

መመለስ

ፊትዎን ወደ ባዚሊካው አድርገው በግራ በኩል ካሉት ዓምዶች ይውጡ፤ ወደ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ 15 ደቂቃ ነው፣ መጨረሻው ትንሽ ዳገት አለው። 15፡00 ላይ መድረኩ ጋ ይሁኑ።

እዚህ ጣቢያ ስህተት የሚሠራው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የቪቴርቦ፣ የብራቻኖና የቼሳኖ ባቡሮችም በዚሁ ያልፋሉ፤ እነሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ሁለተኛ፣ ላዲስፖሊ የሚል ባቡር መስመሩ ትክክል ቢሆንም ቺቪታቬኪያ ሳይደርስ ይቆማል። የሚፈልጉት ሰሌዳው ላይ ቺቪታቬኪያ፣ ግሮሴቶ ወይም ፒሳ የሚለውን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቺቪታቬኪያን አልፈው ስለሚሄዱ እንቅልፍ እንዳይወስድዎ። ቲኬቱን ማስመታት እዚህም አይረሳ።

ቺቪታቬኪያ ሲወርዱ ባሕሩ በግራዎ ይሆናል። መርከቡ ሊነሳ አንድ ሰዓት ሲቀረው የላርጎ ዴላ ፓቼ አውቶቡስ ሰልፍ ይረዝማል፤ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ብዙ ይጠቅማል።

መርከቡ ቢያመልጥ

የዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ ተጽፏል፤ ጠዋት ፎቶ ያንሱት። እንደሚዘገዩ ሲያውቁ ባቡር ውስጥ ሆነው ይደውሉ፤ መርከቡ ባይጠብቅም ካቢን ውስጥ የቀረ ፓስፖርት ለወኪሉ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ቀጣዩ ወደብ ናፖሊ ከሆነ ከሮም በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው። ሊቮርኖ ከሆነ ከቺቪታቬኪያ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ይያዙ። ቀጣዩ ወደብ ከጣሊያን ውጭ ከሆነ ግን ከወኪሉ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም ቲኬት አይግዙ፤ እዚያ አገር በየትኛው ሰነድ እንደሚያስገቡዎትና መርከቡም በየት በኩል እንደሚቀበልዎት የሚያውቀው እሱ ነው።